መዶሻው የቆመ ቀን

መርካቶ ምናለሽ ተራ ፈረንጅ ይዤ ስገባ መጀመሪያ የማሳየው አጎቴን ነበር። አሮጌ በርሜል በባቡር ሐዲድ ቁራጭ ላይ እየቀጠቀጠ የከሰል ምድጃ ይሠራል። ያሳደገኝ እሱ ነው፤ እንግሊዝኛ ያስተማረኝም ያው መዶሻ ነው። አስጎብኚ ሆኜ መልሼ እሱን ማስጎብኘቴ ያስቀው ነበር። «ዛሬም ልታሳየኝ መጣህ?» ይለኛል፣ ቀና ሳይል።

አንድ ቀን የቱሪዝሙ ሰዎች እኛን አስጎብኚዎችን ሆቴል ጠርተው አሠለጠኑን። ስትራቴጂ የሚባል ባለ ቀለም ጥራዝ ታደለን። ጎብኚው ይደሰታል፣ ነዋሪው ይጠቀማል፣ ሥራው ለልጅ ልጅ ይተርፋል ይላል። እስከ ዛሬ ክፉ ቃል አላገኘሁበትም፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ለተራው ጣሪያና መጸዳጃ ቤት ይሠራል ተባለ። ቀጥቃጮቹ ተስማምተው ከፈረሙ ደግሞ እኔ አንገቴ ላይ የማንጠለጥለው ባጅ ይሰጠኛል፤ ከዚያ ወዲያ ያለ ባጅ ማስጎብኘት ክልክል ነው።

ቀጥቃጮቹን ሰብስቤ ጥራዙን ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። ሰባተኛው ገጽ ላይ «ድምፅና ጭስ ያላቸው ሥራዎች እንደ ሁኔታው ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራሉ» የምትል መስመር ነበረች። ዓይኔ አረፈባት፤ አፌ ዘለላት። ወረቀት ላይ የተጻፈ ሁሉ መቼ ተፈጽሞ ያውቃል ብዬ ራሴን አሞኘሁ። አጎቴ «ሁሉንም አነበብክልን?» አለኝ። «አዎ፣ ጋሼ» አልኩት። አውራ ጣቱን ቀለም ውስጥ ነክሮ አተመ፤ ሌሎቹም እሱን አይተው ፈረሙ።

በምረቃው ዕለት ነጭ ድንኳን ተተከለ፣ ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ወንበሩን ጎብኚዎችና ባለሥልጣናት ሞሉት። ቀጥቃጮቹ ከገመድ ወዲያ ሆነው ይሠራሉ። ንግግሩ ሊጀመር ሲል አስተባባሪዋ ወደ እኔ መጣች። «እባክህ ለአስር ደቂቃ መዶሻውን ያቁሙልን፤ ማይኩ አልሰማ አለ።»

በዚያ ተራ በሥራ ቀን መዶሻ የሚቆመው ከመካከላቸው ሰው ሲሞት ብቻ ነው። ያኔ ሁሉም መዶሻውን ሐዲዱ ላይ ያጋድማል፤ ቀብር እስኪፈጸም ማንም አያነሳውም። ጎረቤቱም መርዶ የሚሰማው በዝምታው ነው። ይህን እያወቅኩ ሄጄ ነገርኩት። አጎቴ ትክ ብሎ አየኝና መዶሻውን አጋደመ። ተራው ተከትሎት ጸጥ አለ።

ተናጋሪው ገና «የተከበራችሁ» ከማለቱ፣ ከጎረቤቱ ከበርበሬ በረንዳ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እያለቀሱ ደረሱ። ከፊት የነበረችው አሮጊት ገመዱን አልፋ «ማነው? የሞተው ማነው?» አለች። አንዱ ጎብኚ የዝግጅቱ አካል መስላው ፎቶ አነሳት፤ ሌሎቹም ተከተሉት፤ ባለሥልጣኑም ፈገግ ብሎ ጠበቃቸው። ክንዷን ይዤ «እትዬ፣ ማንም አልሞተም፤ ንግግር ስላለ ነው» አልኳት። «ለንግግር?» አለችና እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ተመለሰች። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ብዙም ሳይቆይ የመዛወሪያው ደብዳቤ መጣ፤ ሰባተኛውን ገጽ ይጠቅሳል። አጎቴንና ጓደኞቹን ከተማው ጫፍ አንድ ሜዳ ላይ ወስደው አሰፈሯቸው። ምድጃ የሚገዛቸው በርበሬና ዕቃ ሊሸምት መርካቶ የመጣ ሰው ነበር፤ እዚያ ድረስ ማን ይሄድላቸዋል? የድሮው ቦታ አሁን ጣሪያ አለው፤ መጸዳጃ ቤቱም ንጹሕ ነው፤ ግድግዳው ላይ የአጎቴ ፎቶ በትልቁ ተሰቅሏል። ጎብኚዎቼ «ሰዎቹስ የት አሉ?» ይሉኛል። «ዛሬ ዕረፍት ላይ ናቸው» እላለሁ።

ባለፈው ሳምንት ልጠይቀው ሄድኩ። ከታክሲ ከመውረዴ በፊት ባጁን አውልቄ ኪሴ ከተትኩ። መዶሻው ሐዲዱ ላይ ተጋድሟል፤ እሱ አጠገቡ ተቀምጧል። ስለ ሥራው ለመጠየቅ አፈርኩ።

«ያቺን መስመር አላየሃትም አይደል?» አለኝ።

«አላየኋትም፣ ጋሼ።»

«አውቃለሁ። ሰዎቹ አይቶ ነው የደበቀን ሲሉኝ፣ የኔ ልጅ አያደርገውም ብዬ ቁርአን ይዤ ምዬላቸዋለሁ።»

ከዚያ ምሳ ሳትበላ አትሄድም ብሎ ያዘኝ። በላሁ።