የሚነቃነቀው ደረጃ

ሥራዬ፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ የእንግዳ ማረፊያ ቤቶችን ማስታወቂያ ኢንተርኔት ላይ መጻፍ ነው። ከደብረ ብርሃን ጎረቤላ ድረስ ያስጠሩኝ እትዬ በለጡ የልጃቸውን ክፍል ሊያከራዩ ነበር። ስንት አልጋ እንዳለው፣ ሙቅ ውሃ ይኖረው እንደሆነ ብጠይቃቸው አልሰሙኝም።

"ደጃፉ ላይ ኮክ አለ በል። ውሻው ቡቺ ይባላል በል። ሦስተኛው ደረጃ ይነቃነቃል በል።"

"እትዬ፣ እንግዳ እኮ ይሄን አይፈልግም።"

"የሚፈልገው ሰው ያውቀዋል" አሉና ወደ መንገዱ አዩ። ልጃቸው ከወጣ ስድስት ዓመቱ ነው፤ የት አገር እንዳለ እንኳ አያውቁም።

አሳዘኑኝና ኮኩንም ቡቺንም ጻፍኩ። ደረጃውን ግን እንግዳ ያሸሻል ብዬ ተውኩት።

ሁለት ወር ሙሉ ጠያቂ ጠፋ። እሳቸው በየሳምንቱ እየደወሉ "ሰው መጣ?" ይሉኛል፤ እኔም "ይመጣል" እላለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ስምም ፎቶም ከሌለው ሰው አንድ መልእክት ገባ። ስለ ዋጋ አይጠይቅም፣ ስለ አልጋም አይጠይቅም።

"ሦስተኛው ደረጃ ተሠራ ወይስ አሁንም ይነቃነቃል?" ይላል።