ጽጌ ካርቶን ላይ የገለበጠችው ስዕል

የተበደልኩትን ሳልናገር አልሞትም። በወጣትነቴ የሠራሁበት ክር ፋብሪካ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የነበረው ስዕል የእኔ ነው። የተመሰገነችበት ግን ጓደኛዬ ጽጌ ናት።

ነገሩን የቀሰቀሰችብኝ የልጅ ልጄ ማህሌት ናት። በቀደም ኮምፒውተሯ ላይ ሳጥን እየሣለች በቀስት ስታያይዝ አየኋት።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ፍሎው ቻርት ነው እማማ። ሥራው ከምን ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድ ያሳያል።»

ይህንንማ እኔ ገና እናቷ ሳትወለድ አቃቂ ላይ በጠመኔ ሥዬዋለሁ።

ክረምት ነበር። ከበሰቃ ሰፈር እስከ ፋብሪካው በር ያለው ጭቃ ጫማ ከእግር ይነጥቃል። አዲስ የተቀጠሩት ልጆች ማሽን በቆመ ቁጥር ይደነግጡና «ዘኔ! ዘኔ!» እያሉ ይጠሩኛል። ስሜ ሲጠራ ደስ ይለኝ ነበር። ቢሆንም ለሁሉም መድረስ ሲያቅተኝ ሲሚንቶው ወለል ላይ ሣልኩላቸው። በአንድ ሳጥን አንድ ጥያቄ ብቻ። ክሩ ተበጥሷል? «አዎ» ከሆነ ወደ ታች፣ ቋጥሪው። «አይ» ከሆነ ወደ ጎን፣ ክሩ የሚጠቀለልበት ቦቢን ሞልቷል? እንዲህ እያለ መካኒክ እስከ መጥራት ይደርሳል። ቀስት በቀስት ላይ እንዳያልፍ ስንት ጊዜ አጥፍቼ ሥያለሁ! ማታ የጥጡ ብናኝ ሲጠረግ ስዕሉም አብሮ ይጠረጋል፤ ጠዋት እንደገና እሥላለሁ፣ አጠገቡ ቆሜም አስረዳለሁ።

አንድ ቀን ስገባ ስዕሌ በጽጌ ቆንጆ የእጅ ጽሑፍ ካርቶን ላይ ሆኖ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። አለቃችን ጋሽ በላቸው ፊት ለፊቱ ቆመዋል።

«ማን ነው የሠራው?»

«ጽጌ ናት!» አሉ ልጆቹ።

ጽጌ መሬት መሬቱን አየች እንጂ ስሜን አልጠራችም። ብዙም ሳይቆይ ነጭ ጋዋን ለብሳ የአዲሶቹ አሰልጣኝ ሆነች። ያንን ቦታ እመኘው እንደነበር ደግሞ ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። ያ ጋዋን በአጠገቤ ባለፈ ቁጥር ፊቴን ወደ ማሽኑ አዞር ነበር። ከአንድ ምሳ ዕቃ እንበላ የነበርን ሰዎች ጀርባ ተሰጣጥተን መብላት ጀመርን። የሚያናድደው፣ ከራሴ ሽሮ ይልቅ የእሷ ይሸተኝ ነበር።

አንድ ቀን ሰርቪስ ውስጥ አላስችል አለኝ። «ሌባ!» አልኳት።

«'ከዚህ ጀምሪ' የሚለውን እኮ እኔ ነኝ የጨመርኩት።»

«በሁለት ቃል ነው ነጭ ጋዋን የሚለበሰው?»

መኪናው በሙሉ ሳቀ። እሷ ሳሪስ ወረደች፤ ከዚያ ወዲያ ጡረታ እስክንወጣ ሰላም አልተባባልንም።

ማህሌት ስዕሏ አናት ላይ «መጀመሪያ» ብላ ጽፋለች። «ይሄ ምን ያደርጋል?» ብላት፣ «ሥራውን የማያውቅ ሰው ከየት እንደሚነሳ በምን ያውቃል እማማ?» አለችኝ። አነጋገሯ አልተመቸኝም። ቅናት ከጉልበት ቀድሞ የሚያረጅ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ጉልበት ነው የሚቀድመው። እሑድ ሳሪስ ሄጄ የጽጌን በር አንኳኳሁ። ምርኩዟን ይዛ ከፈተች። ቆሎ አቀረበችልኝ፤ አልነካሁም።

«ስሜን ለምን አልጠራሽም?» አልኳት።

ቆሎውን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።

«ስምሽን አለመጥራቴ በደል ነው ዘኔ፤ አልክድም። ጋዋኑን ግን አልሰረቅኩሽም። ያንቺ ስዕል አንቺ አጠገቡ ካልቆምሽ አይነበብም ነበር። እኔ 'ከዚህ ጀምሪ' ብዬ የጻፍኩት አንቺ ለማትኖሪበት ፈረቃ ነው።»