ድንኳን ያልተጣለበት ለቅሶ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሰናይት ምሳ ልትበላ እኔ ቤት መጣች። የምትሠራበት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሲቀንስ አንዷ እሷ ሆና፣ ከሥራ ከወጣች ወር አልፏታል። እየበላን ስልኳን አወጣችና ከወጪዎቿ የምትቀንሰውን ትነግረኝ ጀመር። ኢንተርኔቱን፣ ፀጉር ቤቱን፣ የኮንትራት ታክሲውን። ከዚያ «እድሩንም ለጊዜው ብተወውስ፣ አባዬ?» አለችኝ። የጠቀለልኩት እንጀራ እጄ ላይ ቀረ።

እኔም ሥራ ያጣሁት በሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ሰንጋ ተራ አጠገብ አንድ ማተሚያ ቤት ወረቀት ቆራጭ ነበርኩ። ቤታችን ጌጃ ሰፈር ነው። አባባ አስም የጣለው ጡረተኛ ዘበኛ ስለነበር፣ እሱና እማዬ የሚያድሩት በእኔ ደመወዝ ነበር ማለት ይቻላል። ማተሚያ ቤቱ ሲዘጋ የሦስት ወር ደመወዝ ሰጥተው አሰናበቱን።

ያን ገንዘብ እንደ ዓይኔ ብሌን ነበር የያዝኩት። ታክሲ ተውኩ። ጠዋት ቂጣ በሻይ ቀምሼ፣ ሥራ ፍለጋ ስዞር ውዬ፣ ማታ ጭቃዬን ይዤ እገባለሁ። ከፋሲካ ወዲህ ቤታችን ሥጋ አልገባም፤ ሽሯችንንም ዘይት እየራቀው ሄደ። ይህን ሁሉ ከእማዬ ጋር ተመካክረን ነው ያደረግነው። ያልነገርኳት አንድ ነገር ብቻ ነበር። አባባ መውጣት ካቃተው ወዲህ የእድሩን መዋጮ በየወሩ፣ ከልደታ ማርያም ቅዳሴ መልስ፣ የምከፍለው እኔ ነበርኩ። ልጅነት ነውና ሞት ሩቅ መሰለኝ። አንድ ወር ዘለልኩ፤ ቀጥሎም ሌላ።

«እድሩን ከፈልክ?» ይለኛል አባባ፣ ትራሱን ተደግፎ።

«ከፍያለሁ።»

«ተባረክ።»

ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ወረቀቱን በር ላይ ተቀብዬ ኪሴ ከተትኩት። ሁለተኛም መጣ፣ ሦስተኛም። ለእድሩ ዳኛ ለጋሽ ደሳለኝ ችግሬን መናገር እችል ነበር። ግን ሥራ ፈት መባል አስፈራኝ። ገና ከሩቅ ሳያቸው በሌላ ቅያስ እታጠፍ ነበር።

አባባ በሐምሌ፣ አንድ ዝናባማ ረፋድ ላይ አረፈ። እማዬ ዓይኑን ከደነችና «ሂድ ለእድሩ ንገር፤ ድንኳኑን ያምጡ» አለችኝ።

«እማዬ... አልከፈልኩም። ሰርዘውናል።»

ዞር ብላ አየችኝ።

ጋሽ ደሳለኝ ቤት ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅኩ። አነሱኝ።

«ለምን ቸግሮኛል አላልከኝም?» አሉኝ። «የቸገረውን ሰው መች አባረን እናውቃለን? አሁን ስማችሁ ከተሰረዘ ቆየ። ብቻዬን ደንቡን ብሽረው ነገ በምን አፌ እዳኛለሁ?» ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። አባባ በጉልበቱ ዘመን የስንቱን ለቅሶ ድንኳን እንደተሸከመ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ጎረቤቱ ከየቤቱ አግዳሚ አወጣ። ግቢው ላይ ላስቲክ ወጠርን፤ ዝናቡ እየተጠራቀመ ለቀስተኛው ትከሻ ላይ ይፈስሳል። ጋሽ ደሳለኝም ጃንጥላቸውን ይዘው መጡና እንደማንኛውም ጎረቤት ጥግ ላይ ተቀመጡ። ሴቶቹ መንሾካሾክ ሲጀምሩ እማዬ ቀና አለች።

«ልጄ በየወሩ ገንዘቡን ይሰጠኝ ነበር» አለች። «ለቤት ያዋልኩት እኔ ነኝ።»

እዚያው አጠገቧ ቆሜ ነበር። ትንፍሽ አላልኩም።

ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ «ባሏን ያለ ድንኳን ያስቀበረች» አላት። እኔ ሥራ አገኘሁ፣ እድሩም እንደገና መዘገበን፤ ያ ስም ግን ሰፈሩ ፈርሶ እስክንበተን አልለቀቃትም። እውነቱን ለሰው ለመናገር ነገ ዛሬ ስል እማዬም አለፈች።

ይህን ለሰናይት ስነግራት ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር። እድሩን አትተዪ፣ ካጣሽም ሄደሽ አጣሁ በያቸው አልኳት። በዕድሜ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ያዋረደን ማጣታችን ሳይሆን የእኔ መደበቅ እንደነበር ነው።

ሰናይትም «አያቴ ይቅር አለችህ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«እኔ እንጃ» አልኳት። «አንድ ቀን እንኳ ጠይቄያት አላውቅም።»