የኒውዚላንዱ ነጭ ፈረስ

ይሄን መጽሐፍ ስትገልጪው የሚሸትሽ የፈረስ ላብና የረጠበ ካርቶን ነው። አንድ ቀን ዝናብ እየዘነበበት ኮርቻ ሥር ተጓዘ፤ ከዚያ ወዲህ ሽታው አልለቀቀውም። ሽፋኑ ላይ ያለው ሰማያዊ ውሃ ኒውዚላንድ የሚገኘው የታውፖ ሐይቅ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈው ደግሞ የአንድ መምህር ስም ነው። «ለምን አትመልሺለትም?» ብለሽኝ ነበር። አልመልስለትም። ምክንያቱን ልንገርሽና ከዚያ ፍረጂኝ።

ያኔ እንጅባራ ዘጠነኛ ክፍል እማር ነበር። ቤታችን ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ነው። ጠዋት ጠዋት ከሰል የሚጭኑ መኪናዎች ከሚቆሙበት መንገድ ዳር ወጥቼ፣ ባጃጅ ካገኘሁ በባጃጅ፣ ካጣሁ በእግሬ እሄዳለሁ። የጂኦግራፊ መምህራችን ከሌላ ከተማ ተመድቦ የመጣ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው ነበር። ድምፁ ያምራል። እሳቸው ማለቱን ትቼለታለሁ፤ ድምፁን ግን አልነሳውም።

አንድ ቀን መጽሐፉን ክፍል ይዞ መጣና የታውፖን ፎቶ ከፍ አድርጎ አሳየን። እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የተወውን ጉድጓድ ውሃ ሞልቶት የተፈጠረ ሐይቅ ነው አለን። እጄን አወጣሁ።

«ቲቸር፣ ዘንገናም እንደዚሁ አይደል የተፈጠረው?»

«አንቺ ልጅ፣ ያቺን ኩሬ ከዓለም ሐይቅ ጋር ታወዳድሪያለሽ?»

«አይተውት ያውቃሉ?»

«ኩሬ ለማየት የባጃጅ አልከፍልም።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ሲስቁብኝ አብሮ መሳቅ ያኔ ልማዴ ነበር። ስንወጣ ግን ጠራኝና መጽሐፉን አዋሰኝ። «ስለ ኒውዚላንድ ጽፈሽ አምጪ፣ ለወላጆች ቀን ይነበባል» አለኝ። የቋጠርኩት ቂም እዚያው ተፈታ።

መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ መዝገበ ቃላት እያገላበጥኩ ሁለት ሳምንት ጻፍሁ። ሁለቱን ትልልቅ ደሴቶችና በመካከላቸው ያለውን ነፋስ የማያርፍበት ጠባብ ባሕር ጻፍሁ። ማኦሪዎች ከዋክብትን እያዩ በታንኳ ባሕር አቋርጠው መምጣታቸውን፣ ኋላ በመርከብ የመጡት እንግሊዞች በወረቀት አስፈርመው መሬት መውሰዳቸውን ጻፍሁ። ሮቶሩዋ የምትባል ከተማ አለች፤ ፍል ውሃ ከመሬት ወደ ሰማይ ይተኮስባታል፣ አየሯም የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ዋይቶሞ የሚባል ዋሻ አለ፤ ጣሪያው ላይ ትሎች እንደ ኮከብ ያበራሉ፣ ጎብኚዎችም ጀልባ ውስጥ ተቀምጠው፣ ቀና ብለው፣ ዝም ይላሉ። እኛን የታኅሣሥ ውርጭ ሲቆረጥመን እነሱ ባሕር ይዋኛሉ። ይሄ ሁሉ ዛሬም በቃሌ አለ።

የጻፍኩትን ለአባቴ አነብለት ነበር። አባቴ ቀርከሃ እየሰነጠቀ ወንበር ይሠራል። ሲደነቅ አማርኛው ያልቅበትና ወሬውን በአዊኛ ይጨርሰዋል። የቀርከሃው ድምፅ ከቆመ እያዳመጠኝ ነው ማለት ነው። ትሎቹ ጋ ስደርስ ቢላዋውን መሬት አስቀመጠ።

«የሚያበራ ትል? ይሄን ከራስሽ አይደለም ያመጣሽው?»

«መጽሐፉ ላይ አለ አባባ። አጻጻፉ ግን የኔ ነው።»

«እንዲያ ከሆነ ለወላጆች ቀን እመጣለሁ» አለ።

በወላጆች ቀን ነጭ ፈረሱን አጥቦ፣ አዲሱን ጋቢ ደርቦ መጣ፤ ከፊት ተቀመጠ። መምህሩ ማይክሮፎኑን ያዘና «አሁን ደግሞ እኔ ራሴ ብዙ ደክሜ ያዘጋጀሁትን ጽሑፍ ላቅርብላችሁ» አለ። ደብተሬን ገለጠ። ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ እስከ መጨረሻው አነበበው፤ እንዴት አድርጎ አነበበው! ስሜን እስኪጠራ ጠበቅሁ። ጭብጨባው አልቆ ወንበር ሲነሳ እኔ ገና እየጠበቅሁ ነበር።

አባቴ አልጋለበም፤ ፈረሱን እየሳበ አብሮኝ በእግሩ ተመለሰ። ከተማውን ስንወጣ፣

«ለካ የመምህሩ ኖሯል» አለ።

«የኔ ነው አባባ! ስጽፍ አላዩኝም?»

«ስትጽፊ አይቻለሁ።» ጥቂት ሄድን። «ከሰው መገልበጡ ምንም አይደል ልጄ። የኔ ነው ማለትሽ ነው የከፋኝ።»

ከዚያ ቀን በኋላ ሳነብለት የቀርከሃው ድምፅ አይቆምም ነበር። መምህሩ የወሰደብኝ ይሄንን ነው። ጭብጨባው ለሱ ይሁንለት።

ሰኞ ሄጄ ጠየቅሁት። «ቲቸር፣ ስሜን አልጠሩም።»

«ያንቺ ስም ቢጠራ ማን ያዳምጣል? አንቺ እጅ አለሽ፣ እኔ ድምፅ አለኝ። ይልቅ ለዓመቱ መዝጊያ ሁለተኛውን ክፍል አዘጋጂ፤ ስለ ሐይቆቹ ይሁን።»

«እሺ ቲቸር» አልኩ።

ያ እሺታ እስከ ዛሬ ይጣፍጠኛል። መጽሐፉን አንብቦት እንደማያውቅ አውቅ ነበራ! የኋለኞቹ ገጾች ከማተሚያ ቤት እንደወጡ ተጣብቀው ነበር። በምላጭ የከፈትኳቸው እኔ ነኝ።

ሁለተኛውን ክፍል በእውነተኛው አገር ጀመርኩት፤ በደቡቡ ደሴት የበረዶ ተራሮች፣ መብረር በማትችለው ወፍ። ታውፖን አገባሁና «ከዚህ ብዙም ሳይርቅ» ብዬ ወደ ቤቴ ታጠፍኩ። ክብ ሐይቅ፤ ወንዝ አይገባበት፣ ወንዝ አይወጣበት። ዙሪያው ደን፣ ደኑ ውስጥ ጦጣ። ከዳር ያጋደለ ብሳና፣ ከብሳናው ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ። አንድ ነጭ ፈረስ፤ ሦስት ጊዜ ዝቅ አድርገው ካላፏጩለት ውሃ የማይጠጣ። አንዲት ውሸት አልጻፍኩም። አገሩን ብቻ ቀየርኩ።

በዓመቱ መዝጊያ ዕለት የሰኔ ደመና የትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ የረገጥነው ሣር ይሸታል። አባቴን ለምኜ ነው ያመጣሁት። ከጎኑ የዘንገና ሰዎች ተደርድረዋል፤ ሁሉም ከብታቸውን እዚያው ሐይቅ የሚያጠጡ ናቸው። መምህሩ በረዶውን አነበበ፣ ወፏን አነበበ፣ ወደ ሐይቁ ገባ። ጦጣዎቹ ጋ ሲደርስ ሰዎቹ ተያዩ።

«ጎብኚዎችን እጅግ የሚያስደንቀው ግን» አለ በዚያ ድምፁ፣ «ነጩ ፈረስ ነው። ባለቤቱ ሦስት ጊዜ ዝቅ አድርጎ ካላፏጨለት ውሃ በአፉ አይዞርም።»

አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ዱላቸውን ተደግፈው ተነሱ።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ያ ፈረስ እኮ ውጭ ታስሯል።»

ሳቁን መስማት ነበረብሽ። ከፊት ወንበር ተነስቶ እስከ አጥሩ ደረሰ፤ አጥሩ ላይ የተንጠለጠሉት ልጆች ወደ ፈረሱ እየጠቆሙ «ኒውዚላንድ! ኒውዚላንድ!» ይላሉ። መምህሩ ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየ። ከዚያ ከሰው መሃል እኔን ፈለገ፣ አገኘኝ። ዓይኔን አልሰበርኩም። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ ታሪኬ ንጹሕ በቀል ይሆን ነበር። እሱ ግን ደንግጧል፤ የደነገጠ ሰው ደግሞ ያገኘውን ቀጣይ መስመር ያነባል።

«ከዛፉ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። አንዲት እናት ልጇን አቅፋ ትቀመጥበት ነበር። ከሞተች ወዲህ ባሏ ማንም እንዲቀመጥበት አይፈቅድም።»

ሳቁ ተቋረጠ። ድንጋዩ በእናቴ ምክንያት መከልከሉን ከአባቴና ከኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ ጽሑፉ የኔ መሆኑን አባቴ እንዲያውቅ ብዬ ነው ያስገባሁት። አባቴ ተነሳ፣ ጋቢውን ሰብስቦ በሰው መሃል ወጣ። ተከትዬው ሮጥኩ። ዝናቡ ጀመረ። ለመመለስ ይዤው የነበረውን መጽሐፍ ኮርቻው ሥር ወሸቅሁት። ቤት ልንደርስ ስንል ነው የተናገረው።

«ያንቺ ነው» አለ። «የመጀመሪያውም ያንቺ ነበር።»

«አዎ አባባ።»

«አጥፍቻለሁ።» የፈረሱን አንገት ዳሰሰ። «ድንጋዩን ግን ባትሰጪው ጥሩ ነበር።»

ፈረሱ ዛሬ የለም። አባቴ ያነበብኩትን ሁሉ ሥራውን አቁሞ ያዳምጣል፤ የጻፍኩትን ግጥም ስጀምር ደግሞ ዓይኔን ያያል፣ ምን አሳልፌ ልሰጥ እንደሆነ ለማወቅ ይመስለኛል።

መምህሩ በዚያው ክረምት ተዛውሮ ሄደ፤ መጽሐፉንም አልጠየቀኝም። ከመሄዱ በፊት ግን አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ። ፈረሱን ላጠጣ ወደ ሐይቁ እየወረድኩ ነበር። ከታች ባጃጅ ቆሞ መምህሩ ወረደ፤ ሸሚዙ እስከ አንገቱ ተቆልፏል፣ እጁ ላይ የኔ ወረቀት አለ። ቅጠሉ መሃል ተደብቄ ቆምኩ። ወረቀቱን አየ፣ ሐይቁን አየ። ያጋደለውን ብሳና አገኘው። ድንጋዩ ጋ ደረሰና ሳይቀመጥ ከጎኑ ቆመ። ብዙ ቆየ። እንደገና ወረቀቱን አየና፣ ወደ ውሃው ዞሮ፣ ማንም የማያየው መስሎት፣ ሦስት ጊዜ ዝቅ አድርጎ አፏጨ።

ፈረሱ ጆሮውን አቀና። ወደ ታች ሳበኝ።

ገመዱን በሁለት እጄ ያዝኩት፤ ባጃጁ እስኪሄድ አለቀቅሁትም።