አገናኚዋ
በጋራ ቢሯችን ከመስኮቱ ሥር የምትቀመጠው ሴት የአንድ ሆስፒታል ድረ ገጽ ትሠራለች። ሰው ገጽ ሲከፍት ጥያቄው ወደ የትኛው ኮንትሮለር፣ ማለትም መልስ ወደሚያዘጋጀው የፕሮግራሙ ክፍል፣ እንደሚሄድ የምትወስነው እሷ ናት። ቀጠሮ የፈለገ ወደ ቀጠሮ፣ ውጤት የፈለገ ወደ ውጤት ይላካል። ሹራቧን ገልብጣ ለብሳ ስትመጣ ብነግራት፣ "ያው ይሞቃል" አለችኝ።

ዛሬ እናቷ ደወሉ፤ ድምፃቸው እኔ ድረስ ይሰማል።

"ከአባትሽ ጋር አገናኚኝ።"

"ወጣ ብሏል እማዬ። ምን ልበልልሽ?"

"ምሳው ይቀዘቅዛል በይው።"

"እሺ፣ እነግረዋለሁ።"

ስልኩን ስትዘጋ፣ "አባትሽም እዚህ ነው የሚሠሩት?" አልኳት።

"ከሞተ ቆይቷል፤ እማዬ ትረሳዋለች" አለች፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል።

"ታዲያ... ምሳውስ?"

ቦርሳዋን አንስታ ተነሳች።

"እኔ ነኝ የምበላው።"