በኋላ ማርሽ የወጣነው ዳገት

ትናንት ከባኮ የሚመጣውን ወንድሜን ልቀበል አምቦ መናኸሪያ ቆሜ ሳለ፣ የተቃጠለ የማርሽ ዘይት ሸተተኝ።

በደርግ ጊዜ አባቴ አሮጌ አውቶማቲክ መኪና ነበረችው። አውቶማቲክ ማለት ሹፌሩ ፍሪሲዮን ሳይረግጥ ራሷ ማርሽ የምትቀይር ማለት ነው። በአንድ የገበያ ቀን እናቴን ምጥ ይዟት ወደ ሐኪም ቤት ስንወስዳት፣ ዳገቱ ላይ ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ አልሄድ አለች። ገበያተኛው ተሰብስቦ ቢገፋም ዳገቱ አላስኬደም።

አብረውን የነበሩት ጎረቤታችን ኦቦ ቶለራ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። ሽታውን አሽትተው፣ «የፊት ማርሿ አልቋል። የኋላውን ሞክረው» አሉት አባቴን። ገበያተኛው ገፍቶ አዞረንና በኋላ ማርሽ መውጣት ጀመርን። ኦቦ ቶለራ ከዘራቸውን እያወዛወዙ፣ የገበያተኛውን አህያ ከመንገድ እያስለቀቁ ይመሩናል። «ሱታ፣ ሱታ» ይላሉ፣ ቀስ በል ሲሉት።

አንዲት ቅቤ ነጋዴ፣ «ምነው፣ ቤታችሁን እያያችሁ ነው እንዴ የምትሄዱት?» አለችን። እናቴ በምጧ መሃል ሳቀች።

«አይዞሽ ልጄ፣ መንገድ የሚያይልሽ ሰው አለ» አሏት ኦቦ ቶለራ። ያኔ አባቴን ያሉ መስሎኝ ነበር። አባቴ ግን አንገቱን አዙሮ የሚያየው የእሳቸውን ከዘራ ብቻ ነበር።

በሰዓቱ ደረስን፤ ወንድሜም ማታውን ተወለደ።

አውቶቡሱ መጥቶ ወንድሜ ሲወርድ ሻንጣውን ተቀበልኩት።

«ቤት ከመግባታችን በፊት» አልኩት፣ «ኦቦ ቶለራ ጋ እንሂድ።»