«ሰውየውን ጥሩልኝ» ይሉ የነበሩት ፕሬዚዳንታችን

አላምንም። ጠዋት ስልኬን ስከፍት «ዶክተር ልየው አረፉ» የሚል መልእክት አየሁ፤ የፌስቡክ ወሬ ነው ብዬ ዘጋሁት። ባለፈው ሳምንት ሆስፒታል ደውዬላቸው «እኔስ ድኛለሁ፣ ሐኪሞቹ ናቸው ያላመኑ» ብለው አስቀውኝ ነበር እኮ!

ከዚያ ቢቸና ወንድማቸው ጋ ደወልኩ። ስልኩን እያለቀሰ ሲያነሣው ገባኝ።

ለማታውቋቸው፦ ዶክተር ልየው የዩኒቨርሲቲያችን ፕሬዚዳንት ነበሩ። ከቦታው ከተነሡ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። እኔ የሞጣ ልጅ ነኝ፣ ያኔ ተማሪያቸው፣ ዛሬ እዚያው የትምህርት ክፍል ኃላፊ። እሳቸው ባይኖሩ ሞጣ ገበያ የአባቴን በርበሬ ስመዝን ነበር የምታገኙኝ።

ዛሬ ፌስቡኩ ሁሉ በፎቷቸው ተሞልቷል። የዩኒቨርሲቲው የሐዘን መግለጫም ወጥቷል። አዳዲስ የትምህርት ክፍሎች ከፈቱ፣ ማስተርስ አስጀመሩ፣ ላብራቶሪ አስገቡ፣ ቤተ መጻሕፍት አሠሩ ይላል። እውነት ነው፣ ሁሉንም አድርገዋል። ግን እናንተ ሰዎች፣ ከዚህ ሁሉ አብልጠው ይወዱት የነበረውን ሥራ አንድ መሥመር እንኳ ያልጻፋችሁለት ረስታችሁት ነው ወይስ አፍራችሁ?

እንግዲህ እኔ ልጻፈው። ሴሚስተር ሲያልቅ የሚባረሩ ተማሪዎች ዝርዝር ከሬጅስትራር ይመጣል። ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፣ ተማሪው ስሙን ያያል፣ ሻንጣውን ሸክፎ ይሄዳል። በቃ። በዶክተር ልየው ጊዜ ግን ተማሪው ተጠርቶ ሳይነጋገር አንድም ስም አይለጠፍም ነበር። ዝርዝሩን ይዞ ለፊርማ የሚገባውን ሁሉ «ስም አላባርርም፤ ሰውየውን ጥሩልኝ!» ብለው ይመልሱታል።

አንደኛ ዓመት እያለሁ እኔም ተጠራሁ። ሒሳብ ጥሎኛል። ቢሯቸው ገባሁ።

«ክፍል ውስጥ የት ነው የምትቀመጥ?» አሉኝ።

«ከበሩ ሥር።»

«ሰሌዳው ይታይሃል?»

«አይታየኝም።»

«ታዲያ እዚያ ምን ትሠራለህ?»

እውነቱን ነገርኳቸው። እኛ ቤት ሰው በተሰበሰበበት ልጅ ከበር ነው የሚቀመጥ። ያን የሚያህል አዳራሽ ውስጥ ከፊት ሄዶ መቀመጥ ድፍረት መስሎኝ፣ ለመምህሩ አክብሮት ብዬ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ምንም ሳላይ ከረምኩ።

«ወይ የሞጣ ሰው! ሠርግ ቤት መሰለህ?» ብለው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ድንገት ሳቃቸውን አቆሙና «ስንቱን በጨዋነቱ አባርረን ይሆን?» አሉ።

ሳልባረር በማስጠንቀቂያ ታለፍኩ። ሦስተኛ ዓመት የሆነች የቢቸና ልጅ እንድታስጠናኝ መደቡልኝ። የዶክተር አባት የቅኔ መምህር ነበሩ፤ ዶክተርም «ቅኔ ቤት ትምህርቱ የገባው ያልገባውን ያስጠናል፣ እኛ ምን ስለሆንን ነው?» ይሉ ነበር። በየትምህርት ክፍሉ የነበረው ቱቶሪያል በዚህ ሐሳብ ነው የተጀመረው። የዛሬው መግለጫ «የተማሪዎች ድጋፍ ተጠናክሯል» ብሎ በሦስት ቃል የጨረሰው እሱን ነው።

አሁን የሚያንገበግበኝን ልንገራችሁ።

ከቦታው በተነሡ በወሩ ስብሰባ ተጠራን። «ተማሪን አንድ በአንድ መጥራት ሥራ ያጓትታል፣ ሲስተሙ ራሱ ይለያቸዋል» ተባለ። የሚደግፍ እጁን ያውጣ ሲባል ግማሹ አዳራሽ እሳቸው ያስተማሩት ሰው ነበር። ሁሉም እጁን አወጣ። እኔም አወጣሁ። አዎ፣ እኔ! አዲስ ኃላፊ ነበርኩ፣ ፈራሁ። ዛሬ ጥቁር ፎቶ የለጠፋችሁ ጓዶች፣ እዚያ አዳራሽ ነበራችሁ፤ አውቃችኋለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኛን ነው።

ዓምና ከሞጣ ስመለስ ቢቸና አውቶቡሱ ቆሞ ወረድኩ። መንገድ ዳር ከሽማግሌዎች ጋር ቆመው አገኘኋቸው። እቅፍ አድርገው ሳሙኝ። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ልጆቹን ታነጋግራቸዋለህ?»

«አሁን እኮ በሲስተም ሆኗል፣ ዶክተር» አልኳቸው።

አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «እንግዲህ መንገድህን አታስረፍድ» ብለው እስከ አውቶቡሱ በር ሸኙኝ። እስከ ደጀን ድረስ መስኮት መስኮቱን ሳይ ሄድኩ።

ይህን ስጽፍ ጠረጴዛዬ ላይ የዘንድሮው ዝርዝር አለ። ዘጠኝ ስም። ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ተፈርሞ ይለጠፍ የሚል ደብዳቤ ተያይዞበታል። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለውን እያየሁ ስፈርም ኖሬያለሁ። ከእነዚያ መካከል ማን ከበር ሥር ተቀምጦ እንደነበር አላውቅም፤ አልጠየቅኋቸውማ!

ዛሬ ከሰዓት ዘጠኙንም አስጠራሁ። ሁለቱ ውጤታቸውን አይተው፣ ሻንጣቸውን አሥረው መናኸሪያ ደርሰው ነበር፤ በስልክ መለስናቸው። ነገ ጠዋት ከሁለት ሰዓት ጀምሮ አንድ በአንድ አነጋግራቸዋለሁ። ከዚያ በፊት ፊርማዬን የሚፈልግ ሰው ቢሮዬ ድረስ ይምጣ። ኃላፊነቱን ከፈለጉም ይውሰዱት።

ዶክተር፣ የቀብርዎ ሰዓት ተነግሮኛል። ነገ በስድስት ሰዓት፣ ቢቸና። የግቢው ሰርቪስ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ይነሣል፤ እጃቸውን ያወጡት ሁሉ ይመጡልዎታል። ወንድምዎም «እሱ የት ቀረ?» ማለቱ አይቀርም። አገሬው ቀብር የቀረን ሰው እንዴት እንደሚያየው እርስዎ ያውቃሉ፤ እናቴም ብትሰማ አትምረኝም።

እጄን ያወጣሁ ቀን ይቅርታ ልጠይቅዎ ይገባኝ ነበር። ቢቸና መንገድ ዳርም ዕድሉን ሰጥተውኝ ነበር። አልጠየቅኩም፣ አሁን ደግሞ ረፈደ።

አፈሩን ያቅልልዎ፣ ዶክተሬ። ሲቀብሩዎ እኔ የለሁም። ዘጠኝ ሰው ቀጥሬያለሁ።